ሁለት ቢላዋ ለአንድ ተርኪ

ሰው ሁሉ ዓመቱን የሚቆርስበት የራሱ ቢላዋ አለው። ባለቤቴ አልማዝ በጾምና በፍስክ ትቆርሰዋለች። ልጄ በፈተናና በዕረፍት። እኔ የምሠራበት የቱክዊላ መጋዘን አለቃ ደግሞ ዕቃ በሚበዛበትና ዕቃ በሚያንስበት ወር። ሲያትል ራሷ፣ ነዋሪዎቿ እንደሚሉት፣ ሁለት ወቅት ብቻ ነው ያላት፤ የሚዘንብበትና ሊዘንብ የሚያስብበት። እኔ ግን ለሦስት ነው የምከፍለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ዳክዬ። ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ተርኪ፣ ያ የፈረንጅ ትልቅ ወፍ። ከዚያ ሰመር፣ የፈረንጆቹ በጋ፣ ሲገባ ዓሣ። በመካከል የሚተርፉኝን ሳምንታት ጠመንጃዬን እወለውላለሁ። ጠመንጃው ከጠራ ደግሞ ቂሜን።

አዎ፣ ቂም አለኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እናንተም ካላችሁ አትፈሩ። ቂም እንደ ፍሪዘር ነው፤ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ የከተታችሁበት ነገር ሁሉ እንደከተታችሁት ይቆያል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል የአገሬ ሰው። እኔም ምክሩን ሰምቼ ጸሎቱን ለአልማዝ ትቼላታለሁ። ስርቆት ደግሞ ሞክሬ አላውቅም ነበር። ነበር ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ እመጣበታለሁ።

የቂሜ ምክንያት ይህ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አጥንቼ እንደጨረስኩ፣ ለሁለት ዓመት አንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ላይ ዳክዬ ቆጠርኩ። አትሳቁ። ዳክዬ መቁጠር ሥራ ነው። ጎህ ሳይቀድ በእንጨት ጀልባ ትገባላችሁ፤ ወገባችሁ እስኪንቀጠቀጥ ትቀዝፋላችሁ፤ ጉማሬ ሲያዛጋ እናንተ ትንፋሻችሁን ትውጣላችሁ፤ ከዚያ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡትን እንግዶች በየዓይነታቸው እየለያችሁ ትመዘግባላችሁ። ጭራው እንደ ወስፌ የሾለው ስንት፣ አፉ እንደ አካፋ የሰፋው ስንት። ሁለት ዓመት፤ አራት ደብተር። ጥናቱ ታትሞ ወጣ። ከላይ የዚያን ጊዜው አለቃዬ ስም አለ። ብቻውን። ያንን ይዞ ውጭ አገር ሄደ፣ ዶክተር ሆነ፣ ዛሬም በየጉባኤው ስለዚያ ሐይቅ ዳክዬዎች ይናገራል አሉ። ጀልባዋ ላይ የወጣው ሁለት ቀን ነው፤ በሁለቱም ቀን አስመልሶታል። እኔንስ? እኔንማ አልረሳኝም። በመጨረሻው ገጽ፣ ከምስጋናው ግርጌ፣ እንዲህ የምትል መስመር አስፍሮልኛል፦ «ጀልባውን በመቅዘፍ ለተባበሩንም ምስጋናችን ይድረሳቸው።»

ለተባበሩን። ስም እንኳ የለውም።

ይህ ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ የማይረሳ ብቻ ሳልሆን አስታዋሽም ነኝ። ታሪኩን በሠርግ ተናግሬዋለሁ፣ በለቅሶ ቤት ተናግሬዋለሁ፣ ባቡር ላይ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ተናግሬዋለሁ። ከሬኒየር ቢች እስከ መሃል ከተማ በልክ ይበቃል። ባቡሩ ሬኒየር ቫሊ ላይ መብራት ከያዘው ስለ ጉማሬው እጨምራለሁ።

ከማንም በላይ ደጋግሞ የሰማው ግን ሰዒድ ነው። ሰዒድ ወሎዬ ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ቆቅና ጅግራ በወንጭፍ ሲጥል ያደገ፣ ዛሬ ቱክዊላ ላይ ጎማ ቤት ያለው ሰው። የተዋወቅነው የዛሬ ስምንት ዓመት ጎማዬ ፈንድቶ እሱ ቤት ስገባ ነው። መለዋወጫ ጎማውን ፍለጋ የመኪናዬን የኋላ ኮፈን ቢከፍት፣ ለማታለያ ውኃ ላይ የማንሳፍፋቸው የፕላስቲክ ዳክዬዎች ተደርድረው አገኘ።

«ወንድም፣ ይኼ ሁሉ የልጆች ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩት።

ትንሽ አየኝና «እኔም ልምጣ?» አለ። እንዲህ ነው የጀመርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዶክተሬ» ነው የሚለኝ። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብቆጣ፣ «እኔ ሰጥቼሃለሁ፤ ጎማ ቤቱ የእኔ አይደል?» ይለኛል።

እኔና ሰዒድ ለአደን ስንወጣ መኪናው ውስጥ ሁለት ቢላዋ ይኖራል። የእኔ እጀታው ቀይ፣ የእሱ ጥቁር። እንደምታውቁት እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም፤ እሱም የክርስቲያን አይበላም። ይህን ሕግ እኛ አላወጣነውም፤ ስንወለድ ገበታው ላይ አገኘነው። ስለዚህ ወፍ በወደቀ ቁጥር ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ የሚል ወይም ቢስሚላህ የሚል ያስፈልጋል። ማን ይበል የሚለው እንዳያጣላን ከመጀመሪያው ቀን የተስማማንበት ደንብ አለ፦ የመታ ይባርካል። የእኔ ጥይት የጣለውን እኔ፣ የእሱ ጥይት የጣለውን እሱ። ፈረንጆቹ አዳኞች ሁለት ሐበሻ ቢላዋ መዝዘው ጭቃ ለጭቃ ሲሮጡ ሲያዩ የተጣላን ይመስላቸዋል። አንዱማ አንድ ቀን ከማዶ ሆኖ «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» ብሎ ጮኸልን። ሰዒድ ቢላዋውን ከፍ አድርጎ «ኦኬ! ኦኬ!» ቢለው ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በዳክዬ ወቅት ግን ደንቡ ይላላል፤ እኛ ቤት ዳክዬ አይገባማ። የመጀመሪያዎቹን ይዤ በኩራት ስገባ፣ አልማዝ የአንዱን እግር በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው።

«ጣቶቹ በቆዳ ተያይዘዋል» አለች።

«እና?»

«እናማ እኛ አንበላም። ያን ሁሉ ዓመት ስትማር ይህን አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም። ዳክዬዎቹ ጋራዥ ውስጥ ካለው ፍሪዘር ገቡ፤ ልጄ አይስክሬም ልታወጣ ከፍታ «ኦ ማይ ጋድ!» ብላ እስክትዘጋው ድረስ እዚያው ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ዳክዬ ላይ እኔ እተኩሳለሁ፣ ሰዒድ ሮጦ ያርዳል፣ ሥጋው ወደ ሰዒድ ቤት ይሄዳል።

ታዲያ ለማትበላው ነገር ለምን ትነሣለህ? ትሉኝ ይሆናል። ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ስካጂት ሜዳ ላይ በኅዳር ጠዋት ቆማችሁ አታውቁም ማለት ነው። ጉም ሸንበቆው ላይ ተኝቷል፤ ቡትስ ጫማችሁ ውስጥ ጣታችሁ እንዳለ የምታውቁት በእምነት ብቻ ነው፤ ሰዒድ ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳ «ዛሬ አይመጡም» ይላል። እሱ እንዲህ ባለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይመጣሉ። መጀመሪያ ክንፋቸው ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ዓይነት ክንፍ የራሱ ፉጨት አለው። ያለ ጉራ ልናገር፦ በዚህ ስቴት ውስጥ ዳክዬን ሳያይ ከክንፉ ድምፅ የሚለይ ሐበሻ እኔ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንወዳደር። ወስፌ ጭራዎቹ ሲመጡ ደግሞ ጠመንጃዬን ዝቅ አድርጌ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ። ያኔ ለቆጠርኳቸው ዳክዬዎች ዘመድ ናቸው። እዚህ የቆጠርኩትን ማንም አይወስድብኝም። ተኩሴ ግን፣ ለእውነት ከሆነ፣ መካከለኛ ነው። ሰዒድ ይበልጠኛል። እኔ ወፉን አውቀዋለሁ፤ እሱ ይጥለዋል።

በሰመር ሁለቱም ቢላዋ ያርፋል። ዓሣ በስመ አብም ቢስሚላህም አያስጠብቅም፤ ከውኃ ከወጣ ለሁላችንም ተፈቅዷል። እኔና ሰዒድ ከአንድ መጥበሻ የምንበላው በእነዚያ ወራት ብቻ ነው።

ቀረ ተርኪ። የተርኪን ነገር አልማዝ ገና ድሮ በፎቶ መርምራ ፈርዳለች። «ጣቱ የተለያየ ነው። ዶሮ ነው፤ ጥጋብ የበዛበት ዶሮ። አምጣና እሠራዋለሁ» ብላኛለች። አምጣና! ስምንት ዓመት ሙሉ በየሚያዝያው ተራራውን ተሻግሬ ወደ ምሥራቁ ደረቅ አገር እሄዳለሁ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አስቡት፤ ከአደኔ ሁሉ ሚስቴ አንድ ጉርሻ በልታ አታውቅም። ዘንድሮ ደግሞ ይባስ ብላ ከጾሙ አጋማሽ ጀምራ ለማኅበሯ ሴቶች «የፋሲካ ዶሮ ወጣችን ተርኪ ነው» ብላ አስወራች። አምናብኝ ነው ወይስ ልታስፈራራኝ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ስለዚህ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ከሰዒድ ጋር ወጣን። አምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ የነዳው እሱ ነው። መንገድ ላይ ጥይቶቹን አሳየኝ። በእያንዳንዱ ጥይት ውስጥ የታጨቁት ፍሬዎች መዳብ የተቀቡ፣ ቀያይ፣ ከቁንዶ በርበሬ ያነሱ ናቸው። የእኔ ተራ ግራጫ እርሳስ ነው። «ለተርኪው ጌጥ ልታጠልቅለት ነው?» ብዬ ሳቅሁበት። «ውበት ይወዳል ብዬ ነው» አለ።

አንድ ቁልቁለት ላይ እኔ ከአንድ ጥድ ሥር፣ እሱ ሠላሳ እርምጃ ወደ ቀኝ ተቀመጥን። ጥሪው የእኔ ሥራ ነው። የሴቷን ድምፅ በምታወጣ የእንጨት ሳጥን ትንሽ ትንሽ እያንቋረርኩ ለመንኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ መጣ። ጭራውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ አዲስ እንደተሾመ ምክትል ሥራ አስኪያጅ እየተንጎራደደ። ተኮስኩ። ሰዒድም ተኮሰ። ወፉ ተገለበጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የጠመንጃዬ ግፊት ትከሻዬን የመታው ወፉ መሬት ከነካ በኋላ ነው። ይህን ትከሻዬ በደንብ ያውቃል። እኔ ግን ከትከሻዬ ጋር አልተማከርኩም። ቀዩን ቢላዋ መዝዤ ሮጥኩ። እንደዚያ የሮጥኩት በወጣትነቴ ከጉማሬው ስሸሽ ብቻ ነው። ደረስኩ፣ ያዝኩ፣ በክንፉ ሁለት ጊዜ ፊቴን መታኝ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ቀና ስል ሰዒድ ጥቁሩን ቢላዋ እንደያዘ ቀስ ብሎ እየመጣ ነው።

«ማን መታው?» አለ።

«እኔ መሰለኝ» አልኩ። መሰለኝ! ዩኒቨርሲቲ ከተማርኳቸው ነገሮች እስከ ዛሬ የጠቀመኝ ይህች ቃል ነች።

ወፉን አየ፤ ቢላዋዬን አየ። «እንግዲህ ባርከኸዋል» አለና የራሱን ወደ ሰገባው መለሰ።

በዚህ አገር ሕግ፣ ተርኪ የገደለ ሰው ስሙ የታተመበትን ወረቀት፣ ታግ የሚሉትን፣ እዚያው ወፉ ላይ ማሰር አለበት። ታጌን አወጣሁና እግሩ ላይ አሰርኩ። ስሜ ከላይ። ብቻውን። ፎቶውን ያነሣኝ ሰዒድ ራሱ ነው፤ «ፈገግ በል እንጂ ዶክተሬ!» እያለ። የዕድራችን ግሩፕ ላይ ስለጥፈው «ገዳይ!»፣ «ጎበዝ!»፣ «ለእኛም ክንፍ አስቀርልን!» ጎረፈ። አንዱ «ብቻህን?» ብሎ ጠየቀ። ለእሱ አልመለስኩም። ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በፋሲካ ዋዜማ አልማዝ ወፉን እንደ ደንቡ ለዐሥራ ሁለት ልትበልተው ተቀመጠች። ከዐሥራ ሁለቱ የተርኪ ብልት አንዱ ብቻ ጫማ ያህላል፤ እያንዳንዱን ስታጥብ ግን የጥይት ፍሬ እየለቀመች ስኒ ውስጥ መጣል ጀመረች። ቀጭ። ቀጭ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ዓይኔ ማልቀስ የጀመረው በሽንኩርቱ ነው።

«ያንተ ጥይት ቀይ ነው?» አለችኝ።

«በርበሬ ነክቶት ይሆናል።»

«በርበሬ ገና አልጨመርኩም።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ወጥ ቤቱ ባዶ ሲሆን ስኒውን ዘቅዝቄ ቆጠርኩ፤ መቁጠር ሙያዬ ነው። ሰባት ቀይ። ግራጫ የለም። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት ደብተር ከሞላ ሰው የተሻለ ቆጣሪ ከየት ይመጣል? ሰባት ቀይ።

የፋሲካ ዕለት ለምሳ ቤቱ ሞላ። የማኅበሩ ሴቶች አሉ። ጋሽ ወልዴ አሉ፤ የዕድራችን ሽማግሌ፣ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ዛሬም ጨው ሲያንስ እንኳ የሚፈርዱ። ሰዒድም «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ብርቱካን ይዞ መጣ። አልማዝ ለእሱ ካምናው ሰመር የተረፈ ሳልመን ለብቻው በንጹሕ መጥበሻ ጠብሳለታለች። እናም ተቀመጥን። ሁሉም ተርኪውን ይበላል። ሰዒድ ዓሣ ይበላል። አልማዝ መጀመሪያ ስትቀምሰው ዓይኗን ጨፈነች፤ «ይኼማ ዶሮን ያስረሳል» አለች። ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። እኔ ግን የሰዒድን ዓሣ አየሁ።

«እስኪ አዳኙ፣ እንዴት እንደጣልከው ንገረን» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ተናገርኩ። ጥዷን፣ ሳጥኗን፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁን። ሰው ሳቀ። እኔም ሞቅ አለኝ።

«ብቻህን ነበርክ እንዴ እዚያ በረሃ?»

«የለም» አልኩ፤ እጄን ወደ ሰዒድ ዘርግቼ። «ሰዒድም ነበረ። መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ሊመሰገን ይገባዋል።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሃያ ሰባት ዓመት የማውቀው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሰዒድ ከዓሣው አጥንት እየለቀመ፣ ቀና ሳይል፣ «አዎ» አለ። «ቀዛፊው እኔ ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታሪኬን የማያውቅ የለማ! ቀልድ መሰላቸው። በዚያው መካከል ጋሽ ወልዴ በመንጋጋቸው አንድ ነገር ቀጭ አድርገው አወጡና ሳህናቸው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ቀይ ነው። ያብለጨልጫል።

«ይኼ ምንድን ነው? የቀረችኝን ጥርስ ልትገድሏት ነው?»

ሰዒድ ፍሬዋን አያት። እኔን አየኝ። ከዚያ «የቅመም ፍሬ ትሆናለች ጋሼ፤ አንቱ ዝም ብለው ይብሉ» አለ።

ቢከሰኝ ኖሮ እከራከረው ነበር። በክርክር እኔን የሚያህል የለም። ሸፈነልኝ። ያን ጊዜ ነው የተሸነፍኩት።

«ተርኪውን የገደለው ሰዒድ ነው» አልኩ።

በአንድ ቤት ውስጥ ዐሥራ አራት መንጋጋ በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ የማኅበር ሴት ወደ አፏ የደረሰውን ጉርሻ በአየር ላይ ያዘችው። ሌላዋ ፊቷን ወደ ናፕኪን መለሰች። ሁሉም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፦ የሁለት ወር ጾም በምን ሥጋ ነው የፈታነው? አልማዝ ቀይ ቢላዋዬን ብታገኝ በስመ አብ የምትልብኝ ትመስል ነበር።

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ጠረጉ። ችሎት ተሰየመ።

«የገደለው እሱ። ያረደው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ነፍስ ነበረው?»

«ሁለት ጊዜ በጥፊ መቶኛል ጋሼ።»

«በስመ አብ ብለሃል?»

«ከነአሐዱ አምላኩ።»

«እንግዲያው ብሉ!» አሉ፤ መንጋጋው ሁሉ እንደገና ሥራ ጀመረ። «ግዳዩ የሰዒድ ነው። ሥጋው የእኛ ነው።»

«የእኔስ?» አልኩ ሳላስበው።

«ያንተማ ጥፋቱ ነው። እሱን ማንም አይሻማህም። ካሳውን ሰዒድ ይናገር።»

ሰዒድ አሰበ። «ሰመር ሲመጣ» አለ፣ «ጀልባውን እሱ ይቅዘፍ።»

ስሸኘው መኪናው አጠገብ ያዝኩት። ለምን እዚያው አልነገርከኝም? አልኩት። ቁልፉን እያሽከረከረ መለሰልኝ፦

«ምን ብዬ? አልማዝ ስንት ዓመት እንደጠበቀች አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ብጥለውም አንተ ባርከው ልልህ ነበር የመጣሁት። እኔ ካረድኩት እሷ አትበላማ። ቢላዋ ይዤ የመጣሁትም ድንገት ሳትደርስ ነፍሱ እንዳይወጣ ብዬ ነው። አንተ ቀድመህ ሮጥክ። ብትጠይቀኝ እኮ፣ ዶክተሬ፣ ያንተው ነበር።»

ሊሰጠኝ ይዞት የመጣውን ነው የሰረቅሁት። እሱም ሳል ይዤ፤ የጋሽ ወልዴን ጨምሮ ስምንት ቀይ ሳል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባቡር ላይ ታሪኬን ስጀምር እንደ ድሮው አይሄድልኝም። ምስጋናው ግርጌ ላይ ስደርስ መኪና የነዳ ሰው ይመጣብኛል። አለቃዬ ጥናቱን፣ ሰዒድ ደግሞ ቂሜን ወሰዱብኝ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ይብሳል፣ የሚከሰስበት አንቀጽ የለውማ። አንድ ነገር ግን አሁን ይበልጥ ገብቶኛል። ያ ሰውም ቢጠይቀኝ ኖሮ ስሙን ከላይ አስቀድምለት ነበር። አለቃ ነው፤ በእኛ አገር የአለቃ ስም ይቀድማል። ከሥሩ የእኔን ብቻ ቢተውልኝ። አልጠየቀም። ቀድሞ ሮጠ።

ታዲያ ይቅር አልከው? አላልኩም። እኩል እንዳታደርጉን። እኔ በስምንት ቀን አምኛለሁ፤ እሱ ሃያ ሰባት ዓመት ተሰጥቶታል፤ አሁንም ሰዓቱ እየሄደለት ነው። ፍሪዘሩም እንደተሰካ ነው። ብቻ ዘንድሮ ዓሣ ስለሞላበት ለሌላ ዕቃ ቦታ ጠቧል።

ሰመር ገባ። በሬኒየር ቢች በኩል ያለው ሐይቅ ላይ ወጥተን፣ ሰዒድ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ መንጠቆውን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ እቀዝፋለሁ። ወገቤ ያኔ እንደነበረው አይደለም፤ አቀዛዘፌ ግን፣ ያለ ጉራ፣ ከማንም የተሻለ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ክንድ የሚያህል ትራውት ዓሣ ያዘ። በስልኩ ፎቶ አነሣሁት። እሱ ራሱ የዕድሩ ግሩፕ ላይ ለጠፈውና ሥራውን ቀጠለ፤ እኔ ቤት ገብቼ መነጽሬን ካደረግሁ በኋላ ነው ከሥሩ የጻፈውን ያነበብኩት።

«አጥማጅ፦ ሰዒድ። ቀዛፊ፦ አቶ ግዛቸው በላይነህ።»

ከነአባቴ። አንድ ፊደል አልጎደለም። አልማዝን ጠርቼ አሳየኋት፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አነበበችና «ዓሣው የት አለ?» አለች።